ከመንደር ሰባት በስተምሥራቅ

መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰዲቅ ሀቢቡላህ
መንደር ሰባት

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድም ዓለም፣ አላህ በአፊያ ያቆይህ። ደብዳቤህ መንገድ ላይ ሰንብቶ፣ ጠርዙ በዝናብ ርሶ ደረሰኝ፤ ቢሆንም አንዲት ፊደል አላመለጠችኝም። አገራችን ዝግባ ጫፍ ወስጄው እማ ደጋግማ አስነበበችኝ። አርዋ ግን ከእጄ ተቀብላ ዝም ብላ ይዛው ተቀመጠች። «ማንበብ አትችይ፣ ምኑን ነው የምታይው?» ብላት «እጁን» አለችኝ። ሚስትህ እንዲህ ናት።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ ተመርቄያለሁ፤ ጥቁሩን ካባ ለብሼ የተነሣሁት ፎቶ እማ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። «ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው የወንዝና የተራራ ስም ነው ወይ?» ብለህ መቀለድህ ግን ወላሂ አናዶኛል። ሰውን የሚያጠና ጂኦግራፊ አለ እኮ! ሰው እዚህ ለምን ሰፈረ፣ እዚያስ ለምን አልሰፈረም? የደጎሎ ሰው ደጃፉ ላይ ገበያ እያለለት ለምን መካነ ሰላም ድረስ ይመጣል? አገር ለቅቆ የሄደ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል፣ ምን ጥሎ ይሄዳል? እኔ የምወደው ይሄንን የመጨረሻውን ነው። አንተን የመሰለ ወንድም እያለኝ ሌላ ምን ልወድ ኖሯል?

ደስ የሚል ወሬ ደግሞ አለኝ። የሰፈራ ጥናት የሚሠራ አንድ ጽሕፈት ቤት እዚሁ በጊዜያዊነት ቀጥሮኛል። አለቃዬ አቶ መለሰ ይባላል፤ ጮክ ብሎ የሚናገር፣ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው ነው። ሁለተኛው ዙር ሰፋሪ ጥር ላይ ይወርዳል፤ አርዋና ልጃችሁ ትንሹ ጠሃም በእሱ ተመዝግበዋል። እንግዲህ እስከ ጥር ጎጆህን ክደንልን።

አሁን ልመናዬ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማመልከቻ የጥናት ሐሳብ እየጻፍኩ ነው። መንግሥት ለመንደራችሁ የሰጠው ቁጥር ነው። እናንተ ግን ወንዙን፣ ዛፉን፣ ጉብታውን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? ሰው አዲስ አገር ገብቶ ቦታውን በራሱ ስም መጥራት የጀመረ ዕለት ያኔ ነው የሰፈረው ባይ ነኝ። አንተ ዝግባ ጫፍ አደግክ፤ እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ለትምህርት መካነ ሰላም ከአክስታችን ቤት ነኝና የባላገሩን ነገር ብዙም አላውቅም፤ አስተምረኝ። ስሞቹን ላክልኝ።

አብረውህ የወረዱትን የዕድራችንን፣ የቅሬውን ዳኛ ሸህ ቀመርን እጃቸውን ሳምልኝ። ክረምት ስመጣ ኪሴን በተቆላ ባቄላ የምትሞላውን እትዬ ንግሥቴን፣ ባሏን ጋሽ አድማሴን፣ ያን ቀልደኛ ይሄነውንም ሰላም በልልኝ።

እህትህ ረምዚያ

—

መንደር ሰባት፣ መስከረም 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረምዚያ ሀቢቡላህ
መካነ ሰላም

ወዐለይኩሙ ሰላም እህት ዓለም። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ስለ መመረቅሽ ለመንደሩ ሁሉ ነገርኩ። ይሄነው «ከእንግዲህ መሬቱን ራሱ ታዘዋለቻ!» ብሎ ሰው አሳቀ። ደብዳቤ ሳይታሸግ ነው አስተባባሪው የሚቀበለን፤ እሱ አይቶ ነው የሚልከው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢያጥር አትቀየሚኝ። ማንበብና መጻፍ የምንችል ጥቂት ስለሆንን የሰውን ሁሉ ሰላምታ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ስለ ቤቱ ለጠየቅሽኝ፣ ጎጆው ቆሟል፤ ክዳኑ ቀርቶታል። ስለ መሬቱ፣ ሰፊ ነው። ሰሊጥ ያበቅላል ይላሉ። ስለ ሙቀቱ፣ ቀን ቀን እንተኛለን። የጤናችንን ነገር እማ እንዳታስብ በኋላ እጽፈዋለሁ። እዚያ ጤና ጣቢያ የወባ ክኒን ይገኝ እንደሆነ ብቻ ጠይቂልኝ።

ስሞቹን ብለሻል። ወንዙን ወለቃ ብለነዋል፣ በአገራችን ወንዝ ስም። ውሃው ግን እንደ ወለቃ አይደለም፤ አይሮጥም፣ ቆሞ ያያል። ከኋላችን ያለውን ጉብታ ዝግባ ጫፍ ብለነዋል፤ ዝግባ የለበትም። ከመንደሩ በስተምሥራቅ ተዳፋት አለ፤ አናቱ ላይ ትልቅ ዋርካ ቆሟል። እሱን ከሰሞኑ የሸህ ቀመር ጥላ ማለት ጀምረናል።

እማ ወደ ሸህ ቀመር ልጅ ወደ ይታይሽ ትሂድ። ሄዳ አብራት ትዋልላት። ይሄን አደራ።

እትዬ ንግሥቴ፣ ጋሽ አድማሴና ይሄነው ሰላም ብለውሻል።

ወንድምሽ ሰዲቅ

—

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፤

አሰላሙ ዐለይኩም። የሸህ ቀመር ጥላ! ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ነው የተነሣሁት። አየህ? መጀመሪያ የአገራችሁን ስም ይዛችሁ ሄዳችሁ፤ ወለቃ፣ ዝግባ ጫፍ። ከዚያ ደግሞ እዚያው የበቀለ አዲስ ስም። ሸህ ቀመር ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ሰው ሲያስታርቁ ታየኝ። እንዲህ ነው እንጂ አገር መሆን! ለአቶ መለሰ ሳሳየው «ይሄ ነው! ይሄ ነው መደላደል ማለት!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው።

ደብዳቤህን ለእማና ለአርዋ ሳነብላቸው የስሞቹን ክፍል እዘለዋለሁ፤ እሱ ለጥናቴ ስለሆነ ይሰለቻቸዋል። እማ እንዳልከው ይታይሽ ዘንድ ሄዳ ነበር። ምን ልትነግራት እንደሄደች ግን ራሷም አላወቀችም፤ ሁለቱ ሽንኩርት ሲልጡ ውለው እያለቀሱ ተለያዩ። በጣም ሳቅሁባቸው።

ክኒኑን ጠይቄ ነበር። «ቆላ ለወረደ እዚያው ይታደለዋል» አሉኝ። ታደላችሁ አይደል? ማን ነው የታመመው? አንተ እንዳልሆንክ ብቻ ንገረኝ።

ሸህ ቀመር ሰላምታ ሳይልኩልኝ ቀሩ። ካባ ለብሼ ፀጉሬን ገልጬ መነሣቴን ሰምተው ተቀየሙኝ እንዴ? ይቅርታ ብላቸዋለች በላቸው። ጠሃ ደግሞ የአርዋን ጡት እየነከሰ ያስጮሃታል፤ ግድግዳ ይዞ መቆምም ጀምሯል፤ ይወድቅና ዙሪያውን አይቶ፣ ሰው ካየው ብቻ ነው የሚያለቅሰው።

ሌሎች ስሞች ካሉ አትሰስትብኝ።

ረምዚያ

—

መንደር ሰባት፣ ጥቅምት 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህት ዓለም፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤሽ ውስጥ ሳቅ አለ። ደጋግሜ አነበብኩት፣ አልገባኝም። እኔን ለማበርታት ነው ብዬ ተውኩት። አላህ ይስጥሽ።

ሸህ ቀመር አልተቀየሙሽም። ከእንግዲህ ማንንም አይቀየሙም።

እኔን ለጠየቅሽው፣ ሥራ ላይ ነኝ። ብዙ ሥራ አለ። ስንጀምር አንድ ሥራ ለሰባት ለስምንት ሰው ነበር፤ አሁን በአራት ሰው ነው የምንሠራው። ክኒኑ መጥቶ ነበር፣ አልቋል። ይመጣል ተብሏል።

ስሞች እየበዙ ነው። በዚያው ተዳፋት ከዋርካው ዝቅ ብሎ የእንድሪስ ማሳለፊያ አለ። አጠገቡ የሰይድና የወንድሙ። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ያለችውን ዛፍ የንግሥቴ ዛፍ እንላታለን፤ ጋሽ አድማሴ ራሱ ነው የመረጠላት፣ ቤተ ክርስቲያን ቢሠራ እዚያ ይሠራል ብሎ። በዚያ ሰሞን እህል አልቀመሰም፤ አሁን ትንሽ ተሽሎታል።

ይሄነውን ልኬላችኋለሁ። በእግሩ ነው የሚመጣው። በአፉ የሚነግራችሁ አለው። ሲደርስ ወዲያው አታስወሩት። ውሃ ስጡት፣ ጎረቤት ጥሩ፣ እማን ከመሀል አስቀምጧት፣ ከዚያ ይናገር። እሱ ከደረሰ የእኔ ልብ ያርፋል።

ጋሽ አድማሴ ሰላም ብሎሻል።

ሰዲቅ

—

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ይሄነው አልመጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቆላ የሚያወጣው የእግር መንገድ መግቢያ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እማ «ወግዲ እጮኛ አለችው፤ እዚያ ተጎልቶ ይሆናል» ትላለች። የሚነግረን ምንድን ነው? ደስታ ከሆነ ለምን አልጻፍከውም? ሌላ ከሆነም ጻፈው። እኔ ሕፃን አይደለሁም።

ካርታውን ሠርቼዋለሁ! ከጽሕፈት ቤቱ ትልቅ ወረቀት ለምኜ፣ አንተ በጻፍክልኝ አቅጣጫና ርቀት መንደሩን፣ ወንዙን፣ ጉብታውን አስቀመጥኩ። ስሞቹን በቀይ ቀለም ጻፍኩ። እንዲህ ሲታይ ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። መንደሩ ውስጥ ስም የወጣለት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ በምሥራቁ ተዳፋት ላይ ደግሞ ስሙ ተጨናንቆ መጻፊያ አሳጣኝ። እዚያ ምን አለ? ገበያ ነው? ሰው እዚያ የሚሰበሰበው ለምንድን ነው?

ሌላው ያስገረመኝ የሙስሊሙ ስም በዚህ፣ የክርስቲያኑ ስም በዚያ ማዶ መሆኑ ነው። ዝግባ ጫፍ እኮ ቅሬው አንድ ነው፤ ስንጋባም ስንቀባበርም አብረን ነን። እዚያ ስትወርዱ ምን ለያያችሁ? ይሄ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

አቶ መለሰ ካርታውን ወዶታል። ታኅሣሥ ላይ የሁለተኛው ዙር ተጓዦች አዳራሽ ይሰበሰባሉ። «ሰዉ ፈርቷል፤ ወሬ ሰምቷል። አንቺ ወጥተሽ ወንድሞቻችሁ እዚያ አገር ሠርተዋል በያቸው፤ ስሞቹን አንድ በአንድ አንብቢላቸው» ብሎኛል። በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አርዋ ከፊት ትቀመጣለች። ዕቃዋን አሥራ ጨርሳለች፤ በየቀኑ ፈትታ እንደገና ታሥረዋለች።

በእሷ ነገር ቁርጥ ያለ መልስ ስጠኝ። ትምጣ ነው የምትለው አይደል?

ረምዚያ

—

መንደር ሰባት፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህት ዓለም፤

ጽሕፈቴ ቢበላሽ እጄ ተንቀጥቅጦብኝ ነው። ብርድ ብርድ ይለኛል፣ በዚህ ሙቀት። ያልፋል።

ገበያ አይደለም። አፈሩ ለመቆፈር የሚቀለው እዚያ ስለሆነ ነው።

ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ፣ አልተለያየንም። አብረን እንቆፍራለን፣ አብረን እንሸከማለን። የሚለየን ማረፊያው ብቻ ነው።

ወደ ደጋ በሚያወጣው የእግር መንገድ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ መንገደኛ ያርፍበታል። እሱን የይሄነው ድንጋይ ብለነዋል። እንግዲህ ይሄነውን አትጠብቁት።

ረምዚ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የላክሁልሽን ስም ሁሉ ለእማ አንብቢላት። አንድም ሳትዘይ። አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ አሁን ገባኝ። እሷ ትነግርሻለች።

አርዋን በሚመለከት፣ ጠሃ ጥርስ እስኪያወጣ እዚያው ትቆይ።

ጋሽ አድማሴ ዛሬ ሰላምታ አልላከም።

ሰዲቅ

—

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ወንድሜ፤

ጠሃ ጥርስ ካወጣ ወራት አልፎታል። የአርዋን ጡት ነክሶ ያስጮሃታል ብዬ ጽፌልህ ነበር እኮ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከስብሰባው በማግስቱ ነው። በፊት ቢደርስ ኖሮ እያልኩ ነው እንግዲህ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ካርታውን ሰቀልኩት። እንደ አስተማሪ አርጩሜ ይዤ «ወገኖቼ» አልኩ፤ ልጆቻችሁ፣ ባሎቻችሁ፣ አባቶቻችሁ ባዶ መሬት ላይ ስም እየተከሉ ነው አልኩ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ከሸህ ቀመር ጥላ ጀመርኩ።

ይታይሽ ከመሀል ተነሣች። በጣም ቀስ ብላ ነው የጠየቀችኝ፦ «አባቴ መቼ?»

አልገባኝም። «ምኑ መቼ እትዬ ይታይሽ?» አልኳት። ፈገግ ብዬ ነበር ሰዲቅ። እስቲ አስበው፤ ፈገግ ብዬ። ደስ ብሏት መስሎኝ ቀጣዩን አነበብኩ። የእንድሪስ ማሳለፊያ ስል አንዲት ሴት ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች። የሰይድና የወንድሙ ስል ከኋላ በኩል ጩኸት ተነሣ። የንግሥቴ ዛፍ ጋ ስደርስ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ነበር፤ የምሰማው የራሴን ድምፅ አልነበረም። አርጩሜው እጄ ላይ ነበር።

እማ ናት መጥታ ከመድረኩ ያወረደችኝ። «በሕይወት ያለ ሰው ስሙ መሬት ላይ አይወርድም» አለችኝ። ዝግባ ጫፍ የሰው ስም ያለው ሜዳ፣ ምንጩ፣ ዛፉ ሁሉ ባለቤቱ የሞተ እንደሆነ፣ ከተቀበረ በኋላ ብቻ እንደሚጠራበት እስከዚያ ዕለት አላውቅም ነበር። «ቆሞ የሚሄድን ሰው በመሬት መጥራት መቅበር ነው፤ ይሄን የማያውቅ የዝግባ ጫፍ ልጅ አለ እንዴ?» አለችኝ። አለ። እኔ ነኝ። አንተ በየደብዳቤው ስትነግረኝ ኖረሃል፤ እኔ ደግሞ በቀይ ቀለም ስጽፍ።

አቶ መለሰ ቢሮ አስጠራኝ። «ካርታ ነው ያልሽኝ!» ብሎ ጮኸ። «ካርታ ነው» አልኩት። «ሰው አስለቀስሽብኝ፤ ሕዝብ አሸበርሽ፤ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አለኝ። ከመውጣቴ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱም አያውቅም። የሚያውቀው የመኪናውን ቀን ነው፤ ቀኑም አልተለወጠም፣ ጥር 19።

ብዙ ሰው ስሙን አስፍቋል። አንዳንዱ ግን መሬቱን እዚህ አስረክቧልና የሚመለስበት የለውም። አርዋ ደግሞ ሌላ ነገር ይዛለች። ለቅሶው መሀል እጄን ይዛ «የሰዲቅ ስም አለበት?» አለችኝ። የለም አልኳት። «በደንብ እይው።» የለም። «እንግዲያ አለ። ያለ ሰው ደግሞ ይፈለጋል» ብላ ዕቃዋን እንደገና አሠረች። ቤት ዘግቼ ላስቀራት አልችልም። ያለኝ አንድ ዘዴ ነው፤ አንተን አመጣልሻለሁ ብዬ በእሷ ቦታ መኪናው ላይ እወጣለሁ። ቁርኣን ይዛ አስምላኛለች።

ስለዚህ የትም እንዳትሄድ። እዚያው ጠብቀኝ። በዚህ መሀል አንድ ጊዜ እንኳ ሸፈን ሳታደርግ ጻፍልኝ፤ ታመሃል?

ረምዚያ

—

መንደር ሰባት፣ ጥር 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህት ዓለም፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ታኅሣሥ ላይ ለጻፍኩልሽ መልስ አላገኘሁም። አስተባባሪው ከመንደር ከወጣ ሰንብቷል፤ ደብዳቤ የሚያመጣም የሚወስድም የለም። ደርሶሽ እንደሆነ አላውቅም። መኪናው ግን በዚህ ወር እንደሚመጣ ሰምተናል።

አውቃለሁ፣ ለምን በግልጽ አልጻፍክም ትያለሽ። የሚያነብብን ሰው ስለነበረ ብቻ አይደለም። ሞት በደብዳቤ አይነገርም ረምዚ። አባታችን ሲያልፍ ለአጎታችን ለመንገር ሦስት ሽማግሌ ደጎሎ ድረስ በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ። መርዶ በሰው አፍ ነው፤ ተቀምጦ፣ የሚደግፍ ሰው ባለበት። በወረቀት ብልክ ይታይሽ ብቻዋን ቆማ በሰው አንደበት ተነብቦላት ልትሰማ ነው፤ ይሄን አላደርግም አልኩ። ለዚያ ነበር ይሄነውን የላክሁት። ሌላ የምልከው ሰው የለኝም።

ስለዚህ ራሴ እመጣለሁ። ትኩሳቱ በአንድ ቀን ይመጣና በአንድ ቀን ይተወኛል፤ በሚተወኝ ቀን እሄዳለሁ። በይሄነው መንገድ ነው የምወጣው፤ በመኪናው መንገድ ኬላ አለ፣ ጥሎ የሚሄደውን ይመልሳሉ። አርዋ መኪና ላይ ሳትወጣ ልደርስባት ነው። ጠሃን እንደምንም ብላችሁ ከእሷ ጋር አቆዩልኝ።

ይሄን ደብዳቤ ለጎረቤቴ ለጋሽ ፈንታዬ ትቼዋለሁ። መኪና ከመጣ በሹፌር ይልክልሻል። እኔ ግን እቀድመዋለሁ፣ ኢንሻአላህ፤ ሲደርስሽ አብረን እናነበዋለን።

ሰዲቅ

—

መንደር ሰባት፣ ጥር 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰዲቅ ሀቢቡላህ
ዝግባ ጫፍ፣ እማ ቤት

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድም ዓለም።

ይሄን ደብዳቤ ቤት ሆነህ ነው የምታነበው። እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው። እማ አጥሚት አድርጋልህ፣ ጠሃ ጺምህን እየጎተተ፣ አርዋ ያንን ዕቃ ለመጨረሻ ጊዜ ፈትታ።

መንገድ ላይ ተላልፈናል። እኔ በመኪናው መንገድ ወረድኩ፣ አንተ በእግር መንገዱ ወጣህ። አርዋ አልመጣችም፤ መሐላዬን ይዛ ቀርታለች። ጋሽ ፈንታዬ ለእኔ የጻፍከውን ደብዳቤ ሰጠኝ። በሹፌሩ ሊልክልኝ መኪናው ዘንድ ይዞት መጥቶ ነበር፤ ከመኪናው የወረድኩት እኔው ሆንኩ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት።

ጎጆህ ውስጥ ነው ያደርኩት። ክዳኑን ጨርሰኸዋል።

ዛሬ ጠዋት ካርታውን ይዤ ወደ ተዳፋቱ ወጣሁ። ለጥናቱ አይደለም። ከመካነ ሰላም ስነሣ ይታይሽ «ጥላው ሥር አፈሩን ንኪልኝ» ብላኛለች፤ ሌሎቹም እንዲሁ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነገር አዘውኛል። ካርታው ልክ ነው ሰዲቅ። አቅጣጫው፣ ርቀቱ፣ ሁሉም። የንግሥቴን ዛፍ ብቻ ትንሽ አስጠግቻታለሁ። አሁን ከአጠገቧ ጋሽ አድማሴ አለ። ለሁለቱም ባቄላ አስቀምጬ መጣሁ።

ከዚያ ስመለስ ሰዎቹ ጎጆህ ደጃፍ ተሰብስበው ጠበቁኝ። የቀሩት ሁሉ ነበሩ። ጋሽ ፈንታዬ በርጩማ አምጥቶ ከመሀል አስቀመጠኝ። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ተጠግተው ተቀመጡ። አንዷ ውሃ በጣሳ አቀረበችልኝ።

ውሃውን አልጠጣሁም። እንደማልጠጣ ሲያዩ ማንም አልገፋፋኝም።

ጋሽ ፈንታዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ መንገዱ ማውራት ጀመረ። ከሰል ሊያከስሉ ወደ ላይ የወጡ ልጆች በዚህ ሰሞን መመለሳቸውን ነገረኝ። «የይሄነውን ድንጋይ ታውቂው የለ? ከእሱ ከፍ ሲባል አንዲት ግራር አለች። ልጆቹ እሷን አሁን...» ሲል ተነሣሁ።

«እሷ ስም የላትም ጋሽ ፈንታዬ» አልኩት።

«ልጄ...»

«የላትም። እኔ ነኝ ካርታውን የሠራሁት።»

ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ያችን ጣሳ የያዘችው ሴት ብቻ ነበረች እኔን የምታየኝ።

ነገ በዚያ መንገድ ሽቅብ እወጣለሁ። ሁለት ሰዎች አብረውኝ እንሄዳለን ብለዋል፤ አንደኛው አካፋ ይዟል፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ብዙ እጠይቅ ነበር አይደል? እዚህ ምን ይባላል፣ እዚያ ምን ይባላል። ነገ ማንንም አልጠይቅም። ግራሯን በካርታዬ ላይ አድርጌያታለሁ፤ ቦታዋን በግምት፣ ባዶ ክብ ብቻ፣ በእርሳስ። በቀይ አልጽፍባትም።

ቤት እንደደረስክ ጻፍልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ለሌላ ሰው አስጽፈህ ሳይሆን በራስህ እጅ ይሁን፤ ለአርዋ አሳያት፣ እሷ እጅህን ታውቀዋለች።

እህትህ ረምዚያ